ለአስራ ሰባት የተጨመረችው ጠብታ

ሰውዬውን "ጋሼ ቆጣሪ" ይሉታል። ስሙን ያወጡለት አብረውት ላቦራቶሪ የሚሠሩት ወጣቶች ናቸው፤ ፊት ለፊት "ጋሼ" ብቻ፣ ዞር ሲል "ቆጣሪው"። አልተሳሳቱም። ሰውዬው የማይቆጥረው ነገር የለም። ደረጃ ይቆጥራል፣ ብልቃጥ ይቆጥራል፣ የብልቃጥ ክዳን ይቆጥራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መርፌ ይቆጥራል። ሥራ ሲጀምር ስንት መርፌ እንዳወጣ፣ ሲጨርስ ስንት እንደጣለ ሳያረጋግጥ ጋዋኑን አያወልቅም። ልጆቹ ይስቁበታል። ይሳቁ! በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ከእጁ አንድ ብልቃጥ ተበክሎ አያውቅም፤ ከእነሱ መሃል እንዲህ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ሥራው ምን መሰላችሁ፣ ምግብ ቀርቦ የሚወራ አይደለም። ከፈቃደኛ ሰዎች የመጣ ዓይነ ምድር ይረከብና በውስጡ ያሉትን ባክቴሪያዎች አንድ በአንድ ለይቶ ያሳድጋል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ሰው ባልሽ ምን ይሠራል ብሎ ሲጠይቃት "ቢሮ ነው" ብላ ትገላገል ነበር።

ባክቴሪያዎቹ አየር አይወዱም። እኛ ብናጣው የምንሞትበትን ኦክስጅን እነሱ ካገኙት ይሞታሉ። ስለዚህ አየሩ ወጥቶ ናይትሮጅን በተሞላ ትልቅ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖሩት። ሳጥኑ ፊት ለፊት ሁለት ረጃጅም ጥቁር ጓንቶች አሉት፤ ቆጣሪው እጁን እስከ ብብቱ ከቶ፣ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ የሚውል ሰው ከማን ጋር ያውራ? ያው ከብልቃጦቹ ጋር ነዋ። በተለይ ከአስራ ሰባት ጋር።

"እንደምን ሰነበትሽ" ይላታል ሰኞ ሰኞ። ሰኞ የምግብ ቀን ነው። ከአሮጌው ብልቃጥ አንዲት ጠብታ በመርፌ ትቀዳና አዲስ ሾርባ ወዳለበት ብልቃጥ ትገባለች፤ ሾርባ የሚሉት ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡትን ፈሳሽ ነው። ሕጉ አጭር ነው። በአንድ ብልቃጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ፣ ለአንድ ጠብታ አንድ መርፌ። የአንዱን መርፌ ለሌላው የደገመ ሰው ሁለቱን ቀላቀለ፣ ሥራውንም አበላሸ ማለት ነው።

ብልቃጦቹ አርባ ናቸው፣ ከአርባ ሰዎች የመጡ። ስም አይጻፍባቸውም፣ ቁጥር ብቻ፤ የማን እንደሆነ ማንም እንዳያውቅ። ቆጣሪው ግን አስራ ሰባትን ያውቃታል። አስራ ሰባት ሚስቱ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ጥናቱ ሲጀመር ፈቃደኛ ሰው ጠፋ። ማን ይሰጣል? ቆጣሪው ሚስቱን ለመናት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከቤታቸው በታች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ዕድሜ ልክህን የሰው ስትሸከም ኖረህ አሁን ደግሞ የእኔን ልትሸከም ነው ወይ አለችው። ኋላ ግን አንተም ከሰጠህ ብላ ተስማማች። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን ክዳን ያላቸው ዕቃዎች በአንድ ፌስታል ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱን ሁሉ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የአንተ ክዳኑን ገፍቶ እንዳይወጣ በደንብ ያዘው ትለዋለች በጆሮው። መዝገብ ቤት ሲደርሱ እሷን አስራ ሰባት፣ እሱን አስራ ስምንት አሏቸው።

ስለ ክዳኑ የቀለደችው ያለ ነገር አይደለም። ሰውዬው ሆዱ ነፋስ ያበዛል፤ ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይሄ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ብርድም ይሁን ዝናብ ሚስትየው የመኝታ ቤቱን መስኮት ገርበብ ሳታደርግ ተኝታ አታውቅም። "ከአንተ ጋር ተዘግቶ አይታደርም" ትል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ታመመች። ሦስት ወር አልቆየችም። ልጅ አልነበራቸውም። ታናሽ እህቷ መጥታ የሚታጠበውን አጠበች፣ የሚሰጠውን ሰጠች፤ ቆጣሪው በዚያ ሰሞን ዕቃዋን ማየት አልቻለም፣ ልብሱንም የስፌት መኪናውንም ውሰጂልኝ፣ ዓይኔ አይየው አላት። ወሰደች። ምን ታድርግ፣ እሱ ያላትን ነው ያደረገችው። ከሁለት ወር በኋላ ጸጸቱ መጣ። የስፌት መኪናው የነበረበት ቦታ ወለሉ ላይ አራት ነጭ ምልክት ቀርቷል፤ ሲወጣ ሲገባ አራቱን ይቆጥራቸዋል። ፎቶዋ አለ፣ ግድግዳው ላይ። ፎቶ ግን አይበላም፣ አይጠጣም፣ አያድግም። አስራ ሰባት ግን ትበላለች። ሰኞ ምግብ ሰጥቷት ረቡዕ ሲያያት ሾርባው ደፍረስ ብሎ ይጠብቀዋል፤ በሕይወት አለች ማለት ነው። ከሚስቱ በዚህ ምድር ላይ በሕይወት የቀረው ያ ድፍርስ ሾርባ ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር።

እሷን እንዲህ በሰዓቷ የሚመግብ ሰው ራሱ ምን ይበላል? ደረቅ ዳቦ በሻይ፣ እሱንም ምግብ ማብሰያው ጋ ቆሞ። ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተቀምጦ መብላት አስጠላው። ቀበቶው ላይ በሚስማር ሦስት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ማታ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ይተኛል፤ ቅር የሚለው ሰው እንደሌለ እያወቀ።

የጥናቱ ኃላፊ ወጣት ሴት ናት፤ ሁሉም "ዶክተር" ይላታል። የምትፈልገውን ነገር ሥራ በጀመረች ሰሞን ወረቀት ላይ እየሳለች ለቆጣሪው አስረድታዋለች። ሰው ሲጨነቅ፣ ከኩላሊቱ በላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ እጢዎች ሆርሞን ይለቃሉ። ሆርሞኑ ሥራውን ሲጨርስ ጉበት ይቀበለውና ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ያወርደዋል። አለቀለት፣ ወጥቶ ይሄዳል ትላላችሁ። አንጀት ውስጥ ግን የሚጠብቁት አሉ። አንዳንድ ባክቴሪያዎች የተጣለውን ሆርሞን ይይዙና ከጎኑ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ይገነጥላሉ። ያቺ ቁራጭ ስትወጣለት ሌላ ሆርሞን ሆኖ ቁጭ ይላል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ሰውነት ውስጥ የሚበዛው፣ አእምሮን ረጋ የሚያደርገው ዓይነት። ዶክተሯ የምትፈልገው ይህን ቁረጣ የሚሠራው የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ማወቅ ነው። ቆጣሪው ሰምቶ ሲያበቃ፣ ይሄማ የባለቤቴ ሥራ ነው አላት፤ ያረጀ ኮት ሲያመጡላት እጅጌውን ቆርጣ ሰደርያ ታደርገው ነበር። ዶክተሯ ሳቀች፣ ወደደችውም። ከዚያ ወዲያ ንግግር ባደረገች ቁጥር የኮቱን ነገር ታነሳለች።

እንግዲህ አንድ ዓርብ ዶክተሯ ሁሉንም ሰብስባ፣ የየቁጥሩ መጠባበቂያ ዘር የሚቀመጥበት ፍሪዘር ሞልቷል አለች። አዲስ ናሙና ሊመጣ ነው፣ ቦታ የለም። አርባዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ይፈተናሉ፤ ሆርሞኑን የለወጠ ይቀመጣል፣ ያልለወጠ ከመደርደሪያውም ከፍሪዘሩም ወጥቶ በእንፋሎት ይቀቀልና ይደፋል። ፈተናው ሰኞ ይጀመራል፣ ሐሙስ ውጤቱ ይታወቃል።

ቆጣሪው ክው አለ። አስራ ሰባት ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ተፈትናለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ምንም። አስራ ስምንትም እንደዚያው፣ ግን ስለ አስራ ስምንት ማን ተጨነቀ። ምን ብሎ ይለምን? የሚስቴ ናት፣ አትድፉብኝ ይበል? የሚስትህ ምን? መልሱን ራሴ ልናገረው አፍራለሁ፤ አምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው በልጆች ፊት እንዴት ይናገረዋል። ደግሞም የቁጥሩን ምስጢር ማወቁ ራሱ ጥፋት ነው። ሰርቆ ቤት ቢወስዳትስ? ሳጥን የለ፣ ናይትሮጅን የለ፣ ሾርባ የለ፤ ብዙ ሳትቆይ ትሞትበታለች። ቅዳሜና እሁድን ሲንቆራጠጥ ዋለ። እህቷ እንደ ልማዷ እሁድ ደወለችና እንዴት ነህ አለችው። ደህና ነኝ አላት። ሌላ የሚነግረው ሰው አልነበረውም።

ሰኞ አርባ መርፌ ቆጥሮ አወጣና ሳጥኑ ፊት ተቀመጠ። አዲሶቹ ብልቃጦች ሾርባና ትንሽ ሆርሞን አለባቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ከባለ ቁጥሩ አንዲት ጠብታ ይሰጣቸዋል። አስራ ሰባት ላይ ሲደርስ ጠብታዋን ሰጣትና፣ አደራሽን፣ ዛሬ እንኳ አታሳፍሪኝ አላት። ቀጥሎ አስራ ስምንትን ሰጠ። ከዚያ መለስ ብሎ አያት። ያነሰባት መሰለው። እህል ሻጭ መስፈሩን ከጨረሰ በኋላ ከላይ አንድ ጭብጥ እንደሚመርቀው፣ እሱም አንዲት ጠብታ ሊመርቅላት አማረው። የመጨረሻዋ ፈተና አይደል? ከአሮጌው የአስራ ሰባት ብልቃጥ ሌላ ጠብታ ቀዳና ጨመረላት። "በቃ፣ ከዚህ በላይ አላውቅም" አላት። መዝገቡ ላይ "17፣ ሁለት ጊዜ" ብሎ ጻፈና ወደ አስራ ዘጠኝ አለፈ። ሲጨርስ የተጣሉትን መርፌዎች ቆጠረ፤ አርባ። ልክ ነው ብሎ ጋዋኑን አወለቀ።

ሐሙስ ከሰዓት ዶክተሯ ኮሪደሩን በሩጫ መጣች። አስራ ሰባት ለውጣዋለች አለችው። ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ ለጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ፣ አዲሱ ሆርሞን መታየት ያለበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ከአርባዎቹ የእሷን ያህል የሠራ የለም። ዶክተሯ አቀፈችው፤ ሰው ካቀፈው ሦስት ዓመቱ ነበር፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ሰኞ ለትልቁ ጉባኤ የሚላክ ጽሑፍ አለኝ፣ አስራ ሰባትን አስገባታለሁ አለችና ሮጣ ሄደች።

ቤቱ እስኪደርስ ከአውቶቡሱ ቀድሞ በእግሩ የሚደርስ መሰለው። በሩን ከፍቶ ገባና አራቱ ነጭ ምልክቶች ጋ ቆሞ፣ አየሽ አይደል አለ። አንቺ እኮ ከሁሉም በለጥሽ። ዳቦውን ቆርሶ ቆሞ እየበላ ሳለ፣ እንደ ልማዱ የሳምንቱን ቁጥር በልቡ ደገመ። አርባ ብልቃጥ። አርባ መርፌ። አስራ ሰባት ሁለት ጊዜ፤ ስለዚህ አርባ አንድ ጠብታ።

አርባ አንድ ጠብታ በአርባ መርፌ።

ዳቦውን አስቀመጠው። ያቺን ጭማሪ የሰጣት አስራ ስምንትን በሰጠበት መርፌ ነው! ከእሷ ጋር ሲያወራ፣ አዲስ መርፌ ማንሳቱን ረስቶ በእጁ ባለው ቀዳላት። አስራ ሰባት ተበክላለች። የወጣው ውጤት የእሷ ይሁን፣ የአስራ ስምንት ይሁን፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በሃያ ሦስት ዓመት ያልሠራውን ስህተት ለእሷ አዝኖ በእሷ ላይ ሠራው።

ቁጭ ብሎ አሰበ። ዝም ቢል አስራ ሰባት ትተርፋለች፤ ፍሪዘሩ ውስጥ በክብር ትቀመጣለች። የመርፌውን ነገር ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ቢናገር ግን ስሙም ይጠፋል፣ እሷም ነገ ከሰዓት ትቀቀላለች። ሆድ ይፍጀው ሊል ፈልጎ ነበር። ግን መርፌ መቁጠርን ያስተማረችው ማን ሆነችና? አንድ ቀን ሚስቱ ሱቅ ስትዘጋ አንዲት መርፌ ጎደለቻት። በዝናብ ወጥታ፣ ያን ቀን ልብስ የወሰዱ ሦስት ደንበኞች ቤት እየሄደች ቀሚሱን አምጡት አለች። መርፌዋን ያገኘቻት ሦስተኛው ቤት፣ የአንዲት ሕፃን ቀሚስ ጫፍ ውስጥ ነው። ስትመለስ ልብሷ ከላይ እስከ ታች በስብሶ ነበር። ምን አለበት፣ ነገ አትሄጂም ነበር ቢላት፣ ልጅቷ ዛሬ ብትለብሰውስ ብላ ተቆጣችው።

ዓርብ ጠዋት የዶክተሯን በር አንኳኳ።

"ዶክተር፣ ሰኞ ዕለት የሰጠሁት ጠብታ አርባ አንድ ነው" አላት።

"እሺ?"

"መርፌው አርባ ነው።"

የሙያው ሰው ናትና ማስረዳት አላስፈለገውም። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የትኛው መርፌ እንደተደገመ ጠየቀችው፤ የአስራ ስምንት ነው አላት። ለምን እንደጨመረ ጠየቀችው።

"ያነሰባት መሰለኝ" አለ።

ውጤቱን ለስንት ሰው ነግራለች! ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዶክተሯ በጮኸችበት፣ እሱ ግን ጋሼ ነው። ብቻዬን ይተዉኝ አለችው፣ ድምጿን ሳታነሳ። ወጣ። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሚቀቀሉትን ብልቃጦች ወደ ቅርጫቱ ማስገባት የእሱ ሥራ ነው። አንድ በአንድ እየቆጠረ አስገባ። አስራ ስምንትን ያለ ሐሳብ ወረወረው። አስራ ሰባትን አንስቶ እጁ ላይ ያዛት፤ ብልቃጧ ከአውራ ጣቱ አትበልጥም። እጁ እምቢ አለው። እዚያው ቆሞ ሳለ ዶክተሯ የሰኞውን የፈተና ብልቃጥ ይዛ ገባች።

"ጋሼ፣ አስራ ሰባት ብቻዋን ሦስቴ ተፈትና ምንም አልሠራችም። አስራ ስምንትም ብቻውን ሦስቴ ተፈትኖ ምንም አልሠራም" አለች። "ታዲያ እዚህ ውስጥ ያለውን ማን ሠራው?"

ዶክተሯ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገች። የጎማ ክዳኑ ወደ ላይ አብጧል። ይሄ ጋዝ ከየት መጣ ብላ ጠየቀችው። እሱማ የአስራ ስምንት ጠባይ ነው አላት፤ ሁሌም ጋዝ ያበዛል፣ በየሳምንቱ ክዳኑን በመርፌ ወግቶ ካላስተነፈሰለት ይፈነዳል።

ዶክተሯ ቅርጫቱ ውስጥ እጇን ከታ አስራ ስምንትን ፈልጋ አወጣችው። ከፍሪዘር ንጹሕ የሆነውን የሁለቱንም ዘር አስወጣችና ፈተናውን እንደገና ጀመሩ፤ አስራ ሰባት ለብቻ፣ አስራ ስምንት ለብቻ፣ ሁለቱ በአንድ ብልቃጥ። ቆጣሪው መርፌዎቹን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ሠራ። በሳምንቱ ውጤቱ መጣ። ለየብቻ ምንም። አብረው ሲሆኑ ያ መስመር እንደገና ቀጥ ብሎ ወጣ። ጋዙን ሲለኩት ሃይድሮጅን ሆኖ ተገኘ። ሆርሞኑን የምትቆርጠው አስራ ሰባት ናት፤ መቁረጥ የምትችለው ግን አጠገቧ ሃይድሮጅን ሲኖር ነው። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ሃይድሮጅን የለም፣ የሞላው ናይትሮጅን ነው። እስከ ዛሬ ንጹሕ ይሁኑ ተብሎ ለየብቻ ሲቀመጡ፣ እሷ ሥራ እንደማትችል ተቆጥራ ኖረች። አስራ ስምንት የሚሰጣት ነገር ነፋስ ብቻ ነው። ቆጣሪው ይህን ሲሰማ ሳቁ መጣበት፤ ኮሪደር ወጥቶ ብቻውን ሳቀ። ይህን ቀልድ በዓለም ላይ የምትረዳው አንዲት ሴት ነበረች። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠና ዓይኑን በጋዋኑ እጅጌ ጠረገ።

ሲመለስ ዶክተሯ ደስታዋ ገና አልበረደም። የሁለቱንም ሰዎች አዲስ ናሙና እፈልጋለሁ፣ በመዝገብ ቤት በኩል ይጠሩልኝ አለችው።

"አስራ ስምንት ነገ ጠዋት ይመጣል" አላት። "አስራ ሰባት አትመጣም።"

"ለምን? ካልፈቀደች እኔ አናግራታለሁ።"

"ሞታለች። ሦስት ዓመቷ ነው።"

ዶክተሯ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። የሰዎቹን ማንነት እንዴት እንዳወቀ ልትጠይቀው አፏን ከፍታ ሳለ ቀደማት።

"አስራ ስምንት እኔ ነኝ" አለ።

ዶክተሯ ሄዳ በሩን ዘጋችና ተመልሳ ከፊቱ ተቀመጠች። ስለ መዝገቡ ምስጢር አንድም ቃል አልተናገረችም። "ለዚህ ነዋ ያነሰባት የመሰለዎት" አለችው።

በማግስቱ ያንኑ ዓይነት ክዳን ያለው ዕቃ በፌስታል ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ። አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። መዝገብ ቤት የነበረችው ልጅ ቁጥር ልትሰጠው ስትል፣ አለኝ አላት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ዶክተሯ በሯን ዘግታ ስትሠራ ሰነበተች፤ ቆጣሪውን ለዚያ ናሙና አላስጠጋችውም። አንድ ማክሰኞ ጠራችውና ተቀመጡ አለችው። ድምጿ ቀስ ያለ ነበር። በእርስዎ ናሙና ላይ ሆርሞን ጨመርኩበት አለችው፤ ሌላ ምንም ሳይጨመርበት ለወጠው። ይህ አይሆንም ብላ ውስጡን ፈለገች። አስራ ሰባትን አገኘቻት። የምትመስላትን አይደለም፣ ራሷን፤ የዘሯ ጽሑፍ፣ ዲ ኤን ኤ የሚሉት፣ አንድ በአንድ ሲነበብ ፍሪዘር ካለችው ጋር አንድ ነው። የመጀመሪያው ናሙና ጊዜ ከእሱ ለይተው ያወጡት ቶሎ ቶሎ የሚያድገውን፣ ጋዝ የሚያበዛውን ብቻ ስለሆነ እሷን አላዩዋትም።

ቆጣሪው ከወንበሩ ብድግ አለ። ብክለት ነው አላት፣ የእኔ ጥፋት ነው፣ አንድ ቦታ ላይ መርፌ ደግሜያለሁ።

"እርስዎ አልነኩትም" አለችው። "ራሴ ነኝ የሠራሁት። መርፌዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ።"

አብረው የሚኖሩ ሰዎች ይጋባባቸዋል ብላ አስረዳችው። በአንድ ሰሃን ሲበላ፣ በአንድ ኩባያ ሲጠጣ፣ በአንድ አልጋ ሲታደር፣ የአንዱ ወደ ሌላው ትገባና ቤቷን ትሠራለች። በሃያ ስድስት ዓመት መቼ እንደገባች ማንም አያውቅም። ሦስቱን ዓመት ግን የኖረችው ብልቃጥ ውስጥ ብቻ አይደለም።

ቆጣሪው እጁን ሆዱ ላይ አደረገ፤ ለምን እንዳደረገ ራሱም አላወቀም። "መስኮት ከፍታ ነበር እኮ የምትተኛው" አለ። ዶክተሯ አልገባትም፣ ግን አልጠየቀችውም።

ከዚያ የሥራ ጥያቄ ጠየቃት። ምን ትበላለች?

ዶክተሯ ቀበቶውን አየች፣ የተበሱትን ቀዳዳዎች። ሾርባዋን ያውቃሉ አለችው፣ ሰው ሆድ ውስጥ ግን የምትፈልገው አትክልት፣ ባቄላ፣ ምስር ነው። ብትራብ እያነሰች ትሄዳለች፤ አንድ ቀን ትጠፋለች። የምበላው ደረቅ ዳቦ በሻይ ነው ሲላት፣ በዚያ እስከ ዛሬ መቆየቷ ይገርማል አለችው።

ማክሰኞ ማታ ቆጣሪው ሁለት ፌስታል ተሸክሞ ቤቱ ገባ። ምስር፣ ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ድንች። ስድስት ካሮት፣ አራት ድንች። ምግብ አብስሎ የማያውቅ ሰው ነውና ሽንኩርቱን አሳረረው፣ ውሃውን አበዛው፣ ጨውን የጨመረው ሁለት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ወጥ ቤቱ በጭስ ሲሞላ መስኮቱን ከፈተ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ሦስት ዓመት ያስቆጠረ ወረቀትና ጋዜጣ አነሳ፣ በጨርቅ ወለወለው፣ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

የመጀመሪያውን ማንኪያ ቀመሰ። አይበላም ማለት ይቻላል።

"ጨው በዝቶበታል፣ ቻዪው" አላት። "ነገ አስተካክላለሁ።"

ሰሃኑን እስኪጨርስ ከወንበሩ አልተነሳም።